የቅቤ ተራው ቪዲዮ

ኅዳር 8 ቀን 2007፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

ዛሬም ተነካክቷል።

የቪዲዮውን ሴቲንግ ቅዳሜ ትቼው የወጣሁት፦ ፉል ኤችዲ፣ በሴኮንድ 60 ፍሬም፣ ጥራት አምስት ኮከብ። ዛሬ ስከፍተው፦ 1280፣ 25 ፍሬም፣ ሦስት ኮከብ። ሆቴል እንኳ በራሱ ጊዜ ከአምስት ወደ ሦስት ኮከብ አይወርድም። አንድ ሰው ያወርደዋል።

የዚህ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ቁልፍ ያለን ሦስት ነን። እኔ። ኢ/ር ደስታ፣ ባለቤቱ። ሦስተኛዋ ዘይነባ፣ ባለፈው ሰኔ ተመርቃ የተቀጠረችው ልጅ። ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ስለሆነ እስከ 10 ሰዓት እኔ እሠራበታለሁ፣ ከ10 እስከ 12 እሷ። ኢ/ር ደስታ ኤክስፖርት የሚለው ቁልፍ የት እንዳለ አያውቅም። ሒሳቡ ከባድ አይደለም።

ሁሉንም ወደነበረበት መለስኩት።

አጀንዳዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ አትውይም። የፕላን መያዣው ቱቦ ውስጥ ተጠቅልለሽ ትቀመጫለሽ። አትቀየሚኝ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።

ኅዳር 8፣ 11፡00

ዘይነባ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጠየቀችኝ፦ ጋሽ ጴጥሮስ፣ ፀሐዩን የት አድርገውት ነው? የማይመለከታትን ምን አስጠየቃት? ሰማይ ላይ አልኳት። ሳቀች። ሳቋን አልወደድኩትም።

ከዚያ ስለ ሰሜን የሆነ ነገር ጀመረች። እኔ ከመወለዷ በፊት በራፒዶግራፍ ብዕር ፕላን ስሥል የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ሰሜንም ደቡብም አውቃለሁ አልኳት። ዝም አለች። ዝምታዋንም አልወደድኩትም።

ምክንያት አለኝ። እዚህ ከመምጣቴ በፊት በሠራሁበት ቢሮ አንድ የማምነው ልጅ የሦስት ወር ሥራዬን ወስዶ ስሜን ፍቆ የራሱን ጻፈበት። ምሳ አብረን እየበላን። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ እኔ ያየሁት ግን ልጥ አልነበረም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

እትዬ ወርቄ መጣች። ታላቅ እህቴ። ደረጃውን እያቃሰተች ወጣች፣ ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ይዛልኝ። ቅቤው የሆመቾ ነው፣ ትናንት የገባ።

የመጣችው ስለ እሑድ ነው። የእሑዱ ነገር እንዲህ ነው፤ ልጻፈው፣ እኔም ይጥራልኝ። ቅቤ ተራ ሊፈርስ ነው። በቦታው የነጋዴዎቹ ማኅበር ጂ ፕላስ ስሪ የገበያ ማዕከል ያሠራል፤ ንድፉ የኛ ነው። ቅቤ ሻጮቹ ምድር ቤት፣ ከኋላ በኩል፣ አሥራ ስምንት ሱቅ ይሰጣቸዋል። እሑድ 8 ሰዓት አዳራሽ ተጠርተው እኔ የሠራሁትን ቪዲዮ ያያሉ። ከወደዱት እጅ ያወጣሉ። ካልወደዱት ንድፉ ይቀየራል፣ እስከዚያ ማንም አያስነሳቸውም። እጅ ካወጡ ግን ረቡዕ ቃለ ጉባኤው ላይ ይፈርማሉ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም።

እትዬ ወርቄ ስክሪኑን አየችው። አልገባትም። ሰዎቹ ለምን ፊት የላቸውም አለችኝ። ሞዴል ስለሆኑ ነው አልኳት። ከዚያ ያለችውን እንዳለችው ልጻፈው፦ «እኔ ይኼን ማየት አላውቅም። አንተ አይተህልኛል አይደል? አውጪ ካልከኝ አወጣለሁ፣ ተዪ ካልከኝ እተዋለሁ። ሴቶቹ ደግሞ እኔን ነው የሚያዩት።»

ይህች ሴት እኮ የምታምነው ፍጡር የላትም። ቅቤ ሲመጣላት ስንጥሯን እስከ መሐል ትሰዳለች፣ አውጥታ ታሸታለች፣ ምላሷ ላይ ታደርጋለች። ቅቤ መሐል የተቀቀለ ድንች ደብቀው የሚያመጡ አሉ፣ ሙዝ የሚለውሱም አሉ። የገዛ አማቷን ቅቤ ስንጥር ሰድዳበታለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የኖረችው። ባሏ ሲሞት ሦስቱን ልጆች ያሳደገችውም በዚያች ሱቅ ነው። ጥርጣሬ የቤታችን ነው፤ ከዶዮገና ይዘነው የመጣን።

እኔን ግን ሳትወጋ ተቀበለችኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ትከሻዬም ከበደኝ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ፣ 2፡30

ትናንት ስወጣ ወጥመድ አድርጌ ነበር። ሴቲንጉን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ፣ የኮምፒውተሩ ማውስ ላይ ደግሞ ፀጉር አስቀመጥኩ። (የራሴን። ብዙም የለኝም፣ ግን ለዚህ አይሰሰትም።)

ፀጉሩ የለም።

60 ፍሬሙ እንደገና 25 ሆኗል። አምስቱ ኮከብ ሦስት። ዛሬ ደግሞ አዲስ ነገር ተጨምሯል፦ የፀሐይ መቆጣጠሪያው ውስጥ ሰሜን የሚለው ቦታ ላይ 0 የነበረው 90 ሆኗል። ሰዓቱ ደግሞ ከጠዋት 3 ወደ ቀን 10።

ሥዕሉን አየሁት። አስቀያሚ። የቅቤ ሱቆቹ መስታወት በሙሉ ይነድዳል። ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ ነጭ፣ ፊት የሌላቸው ሰዎቼ እንደተጠበሰ በቆሎ ቢጫ ሆነው ቆመዋል። ጠዋት ላይ አይቶ ልብ የሚያርፍበት ጥላ የነበረው ቦታ ነው እንግዲህ። ገባኝ። ሥራዬን ልታስጠላ ነው። እሑድ ሴቶቹ አይተው ጮኸው ይወጣሉ፣ ኢ/ር ደስታ ጴጥሮስ አርጅቷል ይላል፣ ኮምፒውተሩ ሙሉ ቀን የሷ ይሆናል።

መለስኩት። 0። ጠዋት 3 ሰዓት። 60። አምስት ኮከብ።

ኅዳር 10፣ 9፡15

ፊት ለፊት ጠየቅኳት። አልካደችም! የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ። አዎ እኔ ነኝ አለች፤ ሁለቴ ልነግርዎት ሞክሬ አልሰሙኝም፤ 60 ፍሬም በዚያ አዳራሽ ላፕቶፕ አይሄድም፤ ደግሞ ፕላኑ ሲገባ ሰሜኑ... ከዚህ በላይ አላስጨረስኳትም። ሰሜን ሰሜን አትበይብኝ አልኳት።

አሁን ኮሪደር ላይ በስልክ ታወራለች። በሀዲይኛ፣ ዝቅ ብላ። እኔ ከምባታ ብሆንም ሀዲይኛ ይገባኛል፤ እሷ ይህን አታውቅም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቅቤው እንዴት ነው ብላ ትጠይቃለች። አንዱን መልስ ሁለቴ አስደገመችው። አባቷ ሾኔ ከብት ነጋዴ ናቸው። ለማን ልትገዛ? ለማን ልትሸጥ? ወይስ ከቅቤ ሻጮቹ ውስጥ ዘመድ አላትና እሑድ እንዳያወጡ እየመከረች ነው?

ለኢ/ር ደስታ ነገርኩት። ፋይል ትነካለች፣ ሥራ ታበላሻለች አልኩት። ኢ/ር ደስታ ሁለት ሰው ሲጣላ የሚያውቀው መፍትሔ አንድ ነው፤ አንዱን መስክ መላክ። ነገ ጠዋት ሾኔ ትሄዳለች፣ የትምህርት ቤት አጥር ልትለካ። እስከ ሳምንት።

ስትወጣ ደህና ዋሉ ጋሽ ጴጥሮስ አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ትወና ነው።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ፣ 4፡05

በመጨረሻ ብቻዬን። ኤክስፖርት።

ቅርጹ ላይ ትንሽ አሰብኩ። ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ሥዕል በሥዕል እያወጣ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፣ በኋላ ይሰፋል። ሌላው በቀጥታ አንድ ቪዲዮ ያወጣል። ዘይነባ ባለፈው ሳምንት ሥዕል በሥዕሉ ይሻላል፣ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል ብላ ነበር። እሷ ስለመከረችው ተውኩት። ደግሞ አሥር ሺህ ሥዕል ፎልደር ውስጥ ተዘርግቶ ማን እንደሚገለብጠው ማን ያውቃል? ቀጥታ ቪዲዮ። አንድ ፋይል፣ አንድ ባለቤት።

ሦስት ደቂቃ። 10,800 ሥዕል። አንዷ 12 ሴኮንድ ትወስዳለች። 36 ሰዓት ይላል። ይበል።

11፡50። መብራት ጠፋ።

ዩፒኤሱ ሃያ ደቂቃ ጮኾ ሞተ። የሰባት ሰዓት ሥራ ዜሮ ገባ። ከመስኮቱ ወደ ታች አየሁ፤ ከታች ያለው ፋርማሲ ጨልሟል፣ ማዶ ያለው ፀጉር ቤትም ጨልሟል። የኛ ብቻ አለመጥፋቱን ሳረጋግጥ ትንሽ ተረጋጋሁ። 12፡30 ላይ መጣ። እንደገና አስጀመርኩት። የፋርማሲው ሰውዬ ቢጠፋ ከጄኔሬተሬ ገመድ ሳብ አለኝ። ለምን እንዲህ ደግ ሆነ?

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ 8፡00

54 በመቶ። አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ምንም አልሠራም፣ ቁጥሩን አያለሁ። ፀሐፊዋ ሻይ ላምጣልህ አለች፣ ኪቦርዱ ላይ ትደፋለች ብዬ እምቢ አልኩ።

ሙሉ፣ ባለቤቴ፣ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ሁሉንም ነገርኳት። ፀጉሩን፣ ስልኩን፣ ሾኔን። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ አለች፦ ገንፎው ቀዝቅዞ አለቀ፣ አንተ ገና ስንጥር ፍለጋ ላይ ነህ። ልጅቷ ምን ልትልህ እንደነበር ጠይቀሃታል ወይ አለችኝ። ልትለኝ የነበረውን አውቃለሁ አልኳት። እንዴት? ስትለኝ ቆጮው ላይ አተኮርኩ።

ሙሉ ከማን ጋር እንደሆነች አንዳንዴ አይገባኝም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ 2፡00

አለቀ። ሙሉ በሙሉ። አየሁት፤ ሦስቴ።

እውነት እልሻለሁ አጀንዳዬ፣ ያምራል። ካሜራው ከአስፋልቱ ተነስቶ ባጃጆቹ መሐል ያልፋል፣ ዋናውን በር ይገባል፣ ደረጃውን ዞሮ ወደ ኋላ ይወጣል። እዚያ ቅቤ ተራ። አሥራ ስምንቱ ሱቅ በተርታ፣ ጥላ ውስጥ፣ ወለሉ ውኃ የተረጨበት ይመስል ቀዝቀዝ ያለ። እኔ እንኳ ቅቤ መሸጥ አማረኝ።

የገበያ ቀን ስለሆነ እትዬ ወርቄ ዘንድ በእግሬ ሄድኩ። ስንጥሯን ይዛ ከአንዲት ባላገር ጋር ትከራከራለች። ከሩቅ ስታየኝ በዓይኗ ጠየቀችኝ። አውጪ አልኳት። ጥላ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላ አልጠየቀችኝም። ዞራ ለጎረቤቶቿ ነገረቻቸው፦ ወንድሜ አይቶታል።

ኅዳር 14፣ እሑድ፣ 12፡10

ከቅዳሴ በኋላ በቀጥታ አዳራሽ። ላፕቶፑ የማኅበሩ ጸሐፊ ነው፤ ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም፣ አርጅቷል። ፍላሹን በእጄ ሰካሁ፣ ለማንም አልሰጠሁም።

ጀመረ። አስፋልቱ ላይ መንተባተብ ያዘ። ባጃጆቹ አንድ እርምጃ ሄደው ይቆማሉ፣ ይዘላሉ። ላብ በላብ ሆንኩ። 60 ፍሬሙን ላፕቶፑ መዋጥ አቃተው። አንድ ሰው፣ ከከተማው አስተዳደር የመጣ ባለ ክራቫት፣ ሰዓቱን አየ። ዘይነባ ከሾኔ ሆና አንድ ነገር አድርጋ ይሆን ብዬ አሰብኩ። እንዴት እንደምታደርግ ግን አላወቅኩም።

ከዚያ ደረጃውን ዞረ፣ ወደ ኋላ ወጣ፣ ቅቤ ተራው ላይ ደረሰ። እዚያ ላይ ቀጥ አለ። ጨርሶ ደረቀ። አንድ ደቂቃ ሙሉ አንድ ሥዕል፦ አሥራ ስምንቱ ሱቅ፣ ጥላው፣ ቀዝቃዛው ወለል። ጸሐፊው ቁልፍ ይደበድባል፣ ንቅንቅ አይልም።

ሴቶቹ ግን የተበላሸ አልመሰላቸውም። እንዲያዩት ሆን ብለን ያቆምንላቸው ነው የመሰላቸው። አንዷ ተነስታ ሱቅ ቆጠረች። ሌላዋ ይኼ የኔ ነው አለች። ሳቅ። ከኋላ ያሉት ቆመው አዩ። ያን ጥላ አንድ ደቂቃ ተመግበውት ነው እጅ አውጡ የተባለው።

እትዬ ወርቄ የመጀመሪያዋ ነበረች። ክንዷን እስከ ብብቷ ዘርግታ። ከዚያ ሁሉም። እልልታ።

ኢ/ር ደስታ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ኮራሁ። ከስንት ዓመት በኋላ ኮራሁ። ስሜን ማንም ያልፋቀበት ሥራ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ፣ 3፡20

ዘይነባ በስልክ መልእክት ላከች። ቃል በቃል፦ «ጋሽ ጴጥሮስ እንኳን ደስ አለዎት። ሰሜኑን 90 አድርገው ነው ያሳዩት? ካልሆነ እባክዎ ከመፈረማቸው በፊት ከ9 ሰዓት በኋላ ከቅቤ ተራ ጀርባ ይቁሙ። ፕላኑን ይያዙ።»

ማን ነገራት? ሾኔ ሆና የአዳራሹን ወሬ ከማን ሰማች? ደግሞ ይቁሙ ትለኛለች፤ እኔን፣ ቦታ ልታስተምረኝ።

አልመለስኩላትም። ግን እሄዳለሁ። ፕላኑን ይዤ፣ ስኬል ማስመሪያውን ይዤ፣ ሁሉንም ጽፌ እመለስና ኢ/ር ደስታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ በኋላ ማን ሰሜን እንደሚያውቅ ይታያል። ዛሬ ደመና ነው። ነገ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ፣ 9፡40፣ ከቅቤ ተራ ጀርባ

ቆሜ ነው የምጽፈው። ሰማዩ ጥርት ያለ። የቆምኩት አዲሶቹ አሥራ ስምንት ሱቆች በር የሚሆንበት ቦታ ላይ ነው፤ አሁን ሴቶቹ የደረቀ ኮባ የሚጥሉበት።

ፀሐይ ፊቴ ላይ ነው። ዓይኔን መግለጥ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ፀሐይዋን ጠረጠርኩ። እውነቴን ነው፣ አትሳቂ። ከዚያ ፕላኑን፤ የተገለበጠ ኅትመት መሰለኝ። ከዚያ ቆሜ የማየው አስፋልቱ ከየት በኩል እንደሆነ ጠፍቶኝ አንድ ሊስትሮ ጠየቅኩ። በጣቱ አሳየኝና ጤነኛ መሆኔን አጤነ።

ፕላኑን መሬት ላይ ዘርግቼ አስፋልቱን ከአስፋልቱ ጋር አገጣጠምኩ። አስፋልቱ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ነው። ቅቤ ተራው ወረቀቱ አናት ላይ። በወረቀቱ ጥግ የሰሜን ቀስት አለ። የኔ እጅ ነው፣ ሃያ አምስት ዓመት የሣልኩት ዓይነት ቀስት። ወደ ቀኝ ያመለክታል።

ወደ ቀኝ። ወደ ላይ አይደለም።

ፕላን ሁሌም እንዲህ ነው የምሥለው። ወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ መሬቱን አዞራለሁ፣ መንገዱን ግርጌ አስቀምጣለሁ፣ ሰሜኑ ወዴት እንደሄደ ደግሞ በቀስት እናገራለሁ። የወረቀት ዘመን ድራፍትስማን ሁሉ እንዲህ ነው። ወረቀት የሚያነብ ሰው ቀስቱን ያያል። ሶፍትዌሩ ግን ቀስት አያነብም። የወረቀቱን አናት ሰሜን ነው ብሎ ወሰደ፤ 0። ስለዚህ ቪዲዮው ውስጥ ሱቆቹ ወደ ሰሜን ዞረው ጥላ ውስጥ ዋሉ። እዚህ መሬት ላይ ግን በራቸው ወደ ምዕራብ ነው።

ዘይነባ ያደረገችው ፕላኑን በቦታው ማዞር ነው። 90። እኔ ደግሞ...

10፡35

እትዬ ወርቄ ዘንድ ሄጄ ቁራሽ ቅቤ ጠየቅኳት። ለምን ሳትለኝ ቆርጣ በቅጠል ሰጠችኝ። ወስጄ የአራተኛው ሱቅ በር የሚሆንበት ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ሰዓቴን ያዝኩ።

በአሥር ደቂቃ ጠርዙ አበራ። በሃያ ደቂቃ ከቅጠሉ ወርዶ ድንጋዩን አረጠበው። ጉንዳን መጣ።

አሁን ያለችበት አሮጌ ሱቅ በሩ ወደ ምሥራቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ጥላ ነው፣ ሃያ ዓመት ቅቤዋ ቀልጦ አያውቅም። ይህን ሃያ ዓመት ሙሉ እያየሁ ነው የኖርኩት። የቅቤ ሻጭ ወንድም ነኝ። ሰው ሁሉ ላይ ዓይኔን ተክዬ መሬቱን ሳላየው ቀረሁ።

ዘይነባ በስልክ የጠየቀችው ይህንኑ ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቅቤው እንዴት ነው። የኔን እህት ቅቤ ነበር የምትጠይቀው።

11፡30፣ ቢሮ

ፋይሉን ከፈትኩ። 90 ብዬ ጻፍኩ። ሰዓቱን 10 አደረግኩ። መስታወቱ ነደደ። ያ አስቀያሚ ያልኩት ሥዕል እውነተኛው ነበር።

አንቺንም ገለጥኩ። ከሰኞ ጀምሮ አነበብኩሽ። «መለስኩት» ይላል። እንደገና «መለስኩት» ይላል። በራሴ የእጅ ጽሕፈት። ማን ነካካው ብዬ የፈለግኩት ሌባ እዚሁ ነው፣ ገጹ ላይ፣ ቀን ከነሰዓቱ።

ኢ/ር ደስታን ጠራሁት። አየው። ገባው፣ ሞኝ አይደለም። ፊቱን በመዳፉ ሞዥቆ ይፈርሙ አለ። በኋላ ሸራ እናወጣላቸዋለን። አሁን ንድፍ ማዞር ማለት ከመጀመሪያው መጀመር ነው፣ ከከተማው ሰዎች ፊት ተሳስተናል ማለት ነው። አንተም ጴጥሮስ፣ ዕድሜህ... አለና አልጨረሰውም። በሸራ ቅቤ አይድንም አልኩት። አንተ እኮ ነህ አውጪ ያልካት አለኝ።

ይህን ያለኝ በክፋት አይደለም። እውነት ስለሆነ ነው የከበደኝ።

12፡00

ዘይነባ ጋ ደወልኩ። ይቅርታ ማለት አላውቅበትም፤ መጀመሪያ ስለ ሾኔ አጥር ጠየቅኳት። ሦስት ጎኑ አልቋል አለች። ከዚያ ቆምኩ እዚያ አልኳት። አንቺ ልክ ነበርሽ፣ ሾኔ ያስላክኩሽም በከንቱ ነው አልኳት። ታልቅስ አታልቅስ አላየሁም፣ ስልክ ነው። ወዲያው ግን እንዴት ኤክስፖርት እንደማደርገው ትነግረኝ ጀመር፦ ሙሉውን አያድርጉ ጋሽ ጴጥሮስ፣ ቅቤ ተራውን ብቻ፣ ሠላሳ ሴኮንድ፣ 25 ፍሬም፣ 1280፣ ሦስት ኮከብ፣ ሥዕል በሥዕል። በአንድ ሰዓት ያልቃል። ካሜራው አይንቀሳቀስ፣ ፀሐይዋ ትንቀሳቀስ፤ ከጠዋት እስከ ማታ።

ያለችኝን ሁሉ አደረግኩ። አንዱንም ሳልለውጥ።

አሁን 750 ሥዕል እየወጣ ነው። ሰማንያኛው ላይ ደርሷል። ቢሮው በር ክፍት ነው፣ አልዘጋሁትም።

ረቡዕ ነገ ነው። 3 ሰዓት ላይ ይፈርማሉ። እኔ 1፡30 ላይ ላፕቶፕ ይዤ ቅቤ ተራ እገኛለሁ፣ እትዬ ወርቄ በር ሳትከፍት። ብቻዋን አላሳያትም፤ ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት። አትፈርሙ እላለሁ። ኮምፒውተሩ ነው አልልም፣ መብራት ነው አልልም፣ ልጅቷ ናት አልልም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት እላለሁ። ኢ/ር ደስታ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርገኝ ይታያል።

እትዬ ወርቄን ነው የምፈራው። ቁጣዋን አይደለም። እሷ አትቆጣም፤ ዝም ብላ ታየኛለች። ሃያ ዓመት በዚያ ተራ ውስጥ ሳትፈትሽ የተቀበለችው አንድ ሰው ነበር፣ እሱም እኔ ነኝ። ከነገ ጀምሮ አንድም አይኖራትም።

ቢሆንም እሄዳለሁ።